በአንድ ትንፋሽ ሰባት ፊደል

ቅዳሜ፣ ነሐሴ ፫

ጉበቷን በቡጢ አገኘችው። ከሪንጉ ገመድ ውጭ ቆሜ ድምፁን ሰማሁ፤ እርጥብ ጆንያ ከጭነት መኪና አስፋልት ላይ ሲወድቅ የሚያሰማው ዓይነት ነበር። የልጅ ልጄ ማህሌት በሁለት ጉልበቷ ተንበረከከች። አፏን ከፈተች፤ አየር ግን አልገባላትም። ዓይኖቿ እኔን ፈለጉ። ፊቴን አላዞርሁም። ተመትቶ የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊት የፈራ ፊት መሆን የለበትም።

ይህ ግጥሚያ አልነበረም፤ ልምምድ ነው። አሠልጣኟ ሬይ በቁመት የምትበልጣትን ግራኝ ሴት ፈልጎ አምጥቶ፣ እዚሁ ኦክላንድ በምንሠራበት ጂም ውስጥ እንድትደበድባት አደረገ። ምክንያት አለው። የዛሬ ሳምንት ሳን ሆዜ ላይ የምትገጥማት ልጅ ግራኝ ናት። ይህችው ልጅ ከፋሲካ በኋላ አንድ ጊዜ አሸንፋታለች። ያሸነፈቻትም በቡጢ ብቻ አልነበረም። በመጨረሻው ዙር ማህሌት ትንፋሽ አጠራት፤ ክንዶቿ እንደ ታጠበ ጨርቅ ወደ ታች ተንጠለጠሉ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ውጊያ ሳይሆን እርድ ነበር።

እናቷ ጽጌ፣ ማለትም የእኔ ልጅ፣ ያን ቀን ቃል አስገብታታለች፦ ሁለተኛ በዚያ ሁኔታ ከሪንግ ብትወጣ የቡጢ ነገር በዚያው ያበቃል። ማህሌት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ኮሌጅ ጀምራ ትታለች፤ ሥራም ጀምራ ትታለች። አጥብቃ የያዘችው ነገር ይህ ብቻ ነው። ቅዳሜ የሚወሰነውም እርሱ ነው።

ደሟን ባልዲው ውስጥ ተፍታ ተነሣች። «አጌን» አለች። ግራኟ ሳቀችና እንደገና መታቻት።

ስንወጣ ሬይ በሩ ላይ ያዘኝ። «ፓፓ» ይለኛል፤ ሁሉንም ሽማግሌ እንዲሁ ይጠራል። «በመጨረሻው ሳምንት ትንፋሽ መጨመር አይቻልም፤ መቀነስ ግን ይቻላል። ቀላል ሩጫ፣ እንቅልፍ፣ ውኃ። ከዚያ በላይ አታስኪዳት።»

ሬይ ጨዋ ሰው ነው። እኔ ግን የተማርሁት በሌላ ትምህርት ቤት ነው።

ሰኞ፣ ነሐሴ ፭

ማለዳ፣ ሐይቁ ዳር። ጉልበቴ መሮጥ ከተወ ዘመን ስለሆነው እኔ አግዳሚ ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ፤ ማህሌት ከጀልባ ቤቱ እስከ ድልድዩ እየተመላለሰች በፊቴ ትሮጣለች።

ዘዴዬን አንድ ጊዜ በሥርዓት ልጻፈው። በልጅነቴ የኔታ እያንዳንዱን የፊደል ተራ በአንድ ትንፋሽ ያስጮኹን ነበር፤ መሐል ላይ የተነፈሰ ልጅ ኩርኩም ይቀምሳል። ኋላም በጦር ሠራዊቱ የቡጢ ቡድን ውስጥ ሳለሁ ሃምሳ አለቃችን በብስክሌት እየተከተለ በአለንጋ ያስሮጠን ነበር። እኔ ሁለቱን መምህራን አጋባኋቸው። ማህሌት እየሮጠች ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆን በአንድ ትንፋሽ ከጨረሰች ፍጥነቷ ልክ ነው። መሐል ላይ ከተነፈሰች በዝቷል። ሁለት ተራ በአንድ ትንፋሽ ከወጣላት ደግሞ እየቀለደች ነው። ሬይ እጇ ላይ ያሰረላት ሰዓት የልብ ምቷን በቁጥር ይናገራል፤ እኔ በጆሮዬ እደርስበታለሁ። እዚህ ተወልዳ ፊደል ሳትቆጥር ያደገች ልጅ እንዲህ ሆኖ በእግሯ ቆጠረች። አሁን «ነ» ላይ ደርሳለች።

ዛሬ ግን ድምፅዋ ደረቅ ነበር። «መ» ላይ ሁለት ጊዜ ተነፈሰች።

በመንገዱ ላይ ከተሰበረ የመኪና መስኮት የረገፈ ብርጭቆ አለ፤ የሌሊት ሌቦች ሥራ ነው። በብርጭቆው ማዶ የሐይቁ ዝይዎች ተኮልኩለዋል። አንዱ ወፍራም ዝይ አንገቱን አስግጎ እያፏጨ መጥቶ ባቷን ነከሳት። ቡጢ ሰነዘረችበት፤ አልነካችውም።

«አባባ፣ እነዚህ ዝይዎች ጋንግ ናቸው! መንገዱ የነሱ ነው!»

«እንግዲያው አስለቅቂያቸው።»

«እርስዎ አስለቅቃቸው፤ እኔ ቅዳሜ ሌላ ፋይት አለኝ።»

ሳቅሁ። በመጨረሻም ከንፈሯ ነጥቶ፣ የአፏ ዳር አረፋ ይዞ መጣች። ውኃ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ሃምሳ አለቃችን «ውኃ ለአበባ ነው» ይል ነበርና ያንኑ ልነግራት አዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቀችኝም። ኮራሁባት።

ነገ ዳገት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ ፮

ወደቀች።

ከከተማው በላይ፣ ረጃጅሞቹ ዛፎች ባሉበት ኮረብታ ላይ ነበርን። ሬይ በመኪናው ወስዶን፣ ሁለት ጊዜ ቀስ ብላ ወጥታ ትውረድ ብሎ ነበር። እኔ እርሱ ስልክ ሲያነጋግር ጠብቄ እንደገና ላክኋት። «በመጨረሻው ዙር የምትሞቺው እዚህ ስላልሞትሽ ነው» አልኋት። ቃሌ ይኸው ነበር።

ወደ ላይ ስትወጣ ፊደሉን ሰማሁ፤ «ሠ ሡ ሢ» አለች፤ ከዚያ ዝም አለ። እጇን እንኳ ሳትዘረጋ በፊቷ ነው የወደቀችው። ጥርሷ የታችኛውን ከንፈሯን በስቶ ወጣ። ጉልበቷ ተልጦ ነጭ ሆኖ ታየኝ፤ ከዚያ ደሙ መጣ። ተንከባልላ ጥቂት ከወረደች በኋላ የዛፍ ሥር ያዛት። ሬይ በስፓኒሽ እየተራገመ ሮጠ። እኔም በዚህ ጉልበቴ ሮጥሁ።

ዓይኗን ስትገልጥ ሬይ «ምን በልተሻል?» አላት።

ከንፈሯን በእጇ ሸፈነች።

«ምን ጠጥተሻል?»

«ናቲንግ» አለች። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ናቲንግ። ከሐሙስ ጀምሮ።»

ፍልሰታን እየጾመች ነበር። እህልም ውኃም ሳትቀምስ ነበር በማለዳ የማስሮጣት። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ነገር ግን እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የምውለው። የዚህ አገር ልጅ ትጾማለች ብዬ አላሰብሁም፤ እርሷም ጾሟን ብትነግረኝ ለሩጫው ሰበብ የፈለገች እንዳይመስለኝ ፈርታለች። ሁለታችንም በኩራታችን ዝም ብለን ነበር ይኸን ያህል ቀን የሄድነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

«እርስዎም ትጾማለህ አይደል?» አለች፤ ከንፈሯ አብጦ። አንቱታዋንና አንተታዋን ሁልጊዜ ታደባልቃለች፤ ሁልጊዜም አርማታለሁ። ዛሬ አላረምኋትም። «ለማርያም ፕሮሚስ አደረግሁ። ዊን ለማድረግ አይደለም። እንዳልፈራ ብቻ።»

ሬይ ወደ እኔ ዞረ። የተናገረውን አልጽፈውም። ትክክል ነበር።

ማታ ጽጌ አላሜዳ ካለው ሥራዋ ተመለሰች። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሽማግሌ ስታነሣ ስለምትውል እኔን አትፈራኝም። የልጇን ፊት አየች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆማ ነው የተናገረችኝ።

«አባዬ፣ ልጄን ሊገድሉብኝ ነው?»

«አይደለም።»

«ቅዳሜ ፎጣው በማን ትከሻ ላይ ነው የሚሆነው?»

«በእኔ።» ይህ እውነት ነው፤ ባለፈው ዓመት ሬይ አስመዝግቦኝ በጥግ ለመቆም ፈቃድ አለኝ። ተቧቃሹ መቀጠል የማይችል ሲመስለን ፎጣውን ወርውሮ ግጥሚያውን የማስቆም ሥራ የእኔ ነው።

«እንግዲያው ይማሉልኝ። በየዙሩ መሐል ያንን ፊደልዎን ያስብሏት። በአንድ ትንፋሽ ካልጨረሰችው ፎጣውን ይወረውራሉ። ነጥብ የለ፣ ኩራት የለ፣ ሬይ የለ። በእናቴ አፅም ይማሉ።»

የሚስቴን አፅም ጠርቼ ማልሁ። እንዲህ ያለ መሐላ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ እንኳ አልማልሁም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ ፯

ለንስሐ አባታችን ደወልሁ። ጾም የሚፈታው ለበሽተኛና ለመንገደኛ መሆኑን አስታወሱኝ።

«ሳን ሆዜ መንገድ ነው፣ አባ» አልሁ።

«ሳን ሆዜ? እኔ ለክርስትና በየሳምንቱ እሄዳለሁ፤ ጾሜን አልፈታሁም። ይልቅ ቡጢ በሽታ ነው ቢሉኝ እፈቅድ ነበር።»

«በሽታ ነው።»

«የማን?»

«የእኔ።»

ረዘም ላለ ጊዜ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን ለውጠው፣ እስከ ቅዳሜ በየሰዓቱ ትብላ ትጠጣ፤ የጾም ምግብ ይሁን፤ የቀረውን ከግጥሚያው በኋላ ትሙላ አሉ። «እርስዎ ግን ይጹሙ» ብለው ዘጉት።

ማህሌት ምስርና ሩዝ በላች። ውኃውን ስትጠጣ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ እያየሁ ተቀመጥሁ። አንድ ጆግ ጨረሰች። ውኃ ለአበባ ነው ያለው ሃምሳ አለቃ ዛሬ በሕይወት ቢኖር ኖሮ አንድ ነገር እለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሬይ ሐይቁ ዳር መጣ። በቀጥታ አላነጋገረኝም፤ ነገር ግን አጠገቤ ተቀመጠ። አጭር ሩጫ፣ በሙሉ ኃይል፤ ከዚያ ዕረፍት። ይኸው ነው የእርሱ ትምህርት። ቡጢ እንደ አውቶቡስ አንድ ዓይነት መንገድ አይሄድም ይላል፤ ይፈነዳል፣ ይበርዳል፣ እንደገና ይፈነዳል። ልብም በዚያው መልክ መሠልጠን አለበት። ዕረፍቱ መቼ ይብቃ የሚለውን በሰዓቷ ላይ ሲያይ አንድ ነገር መጣልኝ።

«ሰባቱን በአንድ ትንፋሽ ስትጨርስ ይብቃ» አልሁት።

ሞከርነው። እንደ ጥይት ተተኩሳ ሮጠች፤ ቆመች፤ «ሀ ሁ» ብላ ተቆረጠች። እንደገና፣ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ»፤ ተቆረጠች። በሦስተኛው ጨረሰች። ሬይ ሰዓቷን አይቶ ቅንድቡን አነሣ። የልብ ምቷ እርሱ ከሚፈልገው ቦታ ላይ ደርሶ ነበር። እንደገና ላካት። በየጊዜው ፈጥና ትመለሳለች። ተራውን በየጊዜው እየለወጠች፣ ማንም ሳያግዛት እስከ «ነ» ሄደች።

ጥቂት ነው ያሠራት። «ይበቃል» አለ። እኔም ይበቃል አልሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ።

ሬይ ሲሄድ «ሀ ሁ ሂ» እያለ ነው የሄደው። ዝይዎቹ አፏጩበት።

ዓርብ፣ ነሐሴ ፱

ዕረፍት። ሩጫ የለም። ሬይ በስልክ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀኝ።

ማህሌት የግራኟን የቅርብ ግጥሚያ በስልኳ አሳየችኝ። ክፉ ናት። ክፉ ስል ማመስገኔ ነው። ቀኟን ለማዘናጊያ ትዘረጋለች፤ ግራዋ ግን ከወገቧ ተነሥቶ እንደ ማጭድ በጆሮ በላይ ይመጣል። ከእርሷ ጋር የገጠመችው ልጅ ቅንድቧ ተከፍቶ ደሙ ዓይኗን ሞልቶት፣ ወዴት እንደምትመታ ሳታውቅ አየሩን ስትደበድብ ይታያል። ግራኟ አልራራችም። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ዳኛው ሲገባ ልጅቱ ዳኛውን መታችው።

«አባባ፣ እርስዎ ኖክአውት ሆነህ ታውቃለህ?»

«ወድቄ አላውቅም» አልሁ። ይህ የኩራት መልስ ነበር፤ ስለዚህ የቀረውንም ነገርኋት። አንድ ጊዜ ሐረር ላይ ሦስት ጥርስ ያወለቀኝ ሰው ነበር። ሳልወድቅ ዙሮቹን ጨረስሁ። ተጣጥቤ፣ ለብሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር እራት በልቼ፣ ቀልድ ሁሉ ቀልጄ ነበር አሉ። እኔ ግን በማግስቱ አልጋ ላይ ነቃሁ፤ ከዚያ ሁሉ አንዱንም አላውቀውም። እግሬ ነበረ፣ አፌ ነበረ፤ ባለቤቱ አልነበረም።

«የዞምቢ ነገር ነው» ብላ ሳቀች፤ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ነገር ግን ሳቋ ቶሎ ቆመ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ ፲፣ ጧት

ቦርሳው ውስጥ፦ ጓንት። የጥርስ መከላከያ፣ ሁለት። የእጅ መጠቅለያ። ቫዝሊን። በረዶ። ውኃ፣ ብዙ። ነጩ ፎጣ።

ፎጣውን ጽጌ ራሷ አጥፋ አስቀመጠችው። ምንም አላለችም።

ማህሌት በልታለች፤ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ጠግጓል። የውድድሩ ሐኪምም አይቶ አሳልፏታል። ልሄድ ነው፤ ሬይ በታች ጥሩንባ እየነፋ ነው።

እሑድ፣ ነሐሴ ፲፩

የትናንቱን ዛሬ ነው የምጽፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በእኛ በኩል ጽጌ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፤ ከእርሷ በስተኋላ ወሬውን የሰሙ ያገራችን ልጆች፣ ሾፌሮችና የኮምፒውተር ሠራተኞች፣ አብዛኞቹን አላውቃቸውም። «ማሂ፣ ብዪያት!» እያሉ ይጮኻሉ።

የመጀመሪያው ዙር የማህሌት ነበር። እግሯ እንደዚያ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ትገባለች፣ ሆዷን ትመታታለች፣ ትወጣለች። ግራኟ ስትደርስ እርሷ የለችም። በዕረፍቱ ሰባቱን ፊደል በአንድ ትንፋሽ አለችልኝ፤ ትንፋሽም ተርፏት ነበር። ጽጌ በጣቷ ስትቆጥር አየኋት።

በሁለተኛው ዙር የግራኟን አፍንጫ ሰበረችው። እንጨት እንደሚሰበር ነው የተሰማው። ደሙ በሁለቱም ልብስ ላይ ተረጨ፤ ዳኛው ቆጠረላት፤ ግራኟ በአፏ እየተነፈሰች ተመለሰች። በአፉ የሚተነፍስ ሰው ጊዜው አጭር ነው። ማህሌት ይህን አውቃ ሆዷ ላይ ወረደችባት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ፤ ግራኟ ታጠፈች፤ የእኛዎቹ ወንበር ላይ ቆሙ።

ያ ማጭድ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከታች ተነሥቶ ከማህሌት ጆሮ በላይ አረፈ። የራስ መከላከያዋ ተሽከረከረ። አልወደቀችም። ጉልበቷ እንኳ አልታጠፈም። ወዲያው መልሳ መታች፤ እንደገና መታች። ሕዝቡ አበደ። ደወል።

መንገዷን አውቃ ወደ ጥጋችን መጣች፤ ተቀመጠች። ሬይ የጥርስ መከላከያዋን አውጥቶ፣ «ሁለቱም ዙር የእኛ ነው! የእኛ ነው!» ይላል። ዓይኗን አየ፤ እጇን ጨበጠ፤ ጥሩ ናት አለ።

«ፊደል» አልኋት።

«ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ።» በአንድ ትንፋሽ። እንደ ደወል ጥርት ያለ። ጽጌ ወንበሯ ላይ ተደገፈች። ሬይ የራሱን ጡጫ ሳመ። እኔም ኮራሁ፤ እውነቱን ልጻፍ፤ ደረቴ ሊፈነዳ ነበር። ያ ከፋሲካ በኋላ የሞተው ትንፋሽ ይኸው ሕያው ሆኖ ፊቴ ላይ ተቀምጧል።

«ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ።»

«ይበቃል፣ ልጄ።»

«ሐ ሑ ሒ ሓ ሔ ሕ ሖ።»

«ማህሌት፣ ይበቃል።»

«መ ሙ ሚ» እያለች ቀጠለች፤ ከዚያ ወደ ሪንጉ ወለል፣ የግራኟ ደም ወደ ተንጠባጠበበት ቦታ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በሰላም ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ ዝይዎቹ የት ሄዱ?»

ያን አዳራሽ ከሞላው ሰው መካከል የሰማት አልነበረም፤ ሬይ በአጠገቧ ቢሰማም ትርጉሙን አያውቅም። ለእርሱ ፊደሏን እየቆጠረች ነው።

«ሺ ኢዝ ኖት ሂር» አልሁት በዚያች በምችላት እንግሊዝኛ።

«ፓፓ፣ ሺ ኢዝ ራይት ሂር!» አለኝና መከላከያውን አፏ ውስጥ አስገባ። ደወል ተመታ። ተነሣች፤ እጆቿን ወደ ቦታቸው አነሣች፤ ወደ መሐል ሄደች። የሄደችው እኔ በሠራሁት እግር ነው። ደካማ ብትሆን ኖሮ በዚያ ማጭድ ትወድቅ ነበር፤ ዳኛው ይቆጥር፣ ሐኪሙ ዓይኗን ያይ ነበር። እኔ ግን ባለቤቷ ከሄደች በኋላም የማይፈርስ ቤት ሠራሁ።

ግራኟ ቀኟን ላከች። አረፈ። ማህሌት አልሸሸችም፤ አልከለከለችም። እንደገና። የልጅ ልጄ ራስ ወደ ኋላ ሄዶ ተመለሰ፤ እጆቿ ግን በሥርዓት ተነሥተው ነበር። ፎጣው በትከሻዬ ላይ ነበር። ትንፋሿ ሙሉ ነው፤ በነጥብ ትመራለች፤ መሐላዬ አይጠይቀኝም። ሁለት ቡጢ ያህል ዘገየሁ። እነዚያ ሁለቱ ቡጢዎች የእኔ ናቸው።

ወረወርሁት።

ጩኸቱ እንደ ድንጋይ ወረደብኝ። አንድ ሰው የቢራ ብርጭቆ ወረወረ፤ ቢራው ኮቴ ላይ ፈሰሰ። ከእኛው ወገን አንዱ «ሽማግሌው ሸጠን!» ብሎ በአማርኛ ጮኸ። ሬይ ሁለት እጆቹን ራሱ ላይ ጭኖ ቆመ። ዳኛው የግራኟን እጅ አነሣ፤ እርሷም በተሰበረ አፍንጫዋ ግራ ተጋብታ ታየን ነበር። ማህሌት ጥቂት ቆይታ ገባት። መጣችና ደረቴን በጓንቷ መታችኝ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ በሙሉ ኃይሏ። አጥንቴ አሁንም ያመኛል። «አይ ዎዝ ዊኒንግ!» ትላለች። «አይ ዎዝ ዊኒንግ!»

ከዚያ ቆመችና ዙሪያዋን አየች፤ «ሬይ፣ ፋይቱ መቼ ነው የሚጀመረው?» አለች።

ሬይ እጆቹን ከራሱ ላይ ያወረደው ያን ጊዜ ነው።

ሆስፒታል። ራሷን በመሣሪያ ፎቶ አነሡት። ማሸነፍ አለማሸነፏን ደጋግማ ጠየቀች፤ እናቷ በየጊዜው እንደ አዲስ መለሰችላት። ሐኪሙ፣ አእምሮዋ በኃይል ተናውጧል፣ ደም ግን አልፈሰሰም አለ። ጨለማ ክፍል፣ ጸጥታ፣ ረጅም ዕረፍት። ጓንቱን በተመለከተ ወደፊት ይታያል አለ። አንድ ሁለት ተጨማሪ ቡጢ ቢያርፍባት ምን ይሆን እንደነበረ ሬይ ጠየቀው። ሐኪሙ ትከሻውን ብቻ ነቀነቀ።

በኮሪደሩ ጽጌ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ፊደሏን ጨርሳ ነበር እኮ፣ አባዬ። ቆጥሬያለሁ።»

«ጨርሳለች።»

«እንግዲያው እንዴት አወቁ?»

ስለ ዝይዎቹ ነገርኋት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያም ቢራ የፈሰሰበትን የኮቴን አንገት አስተካከለችልኝ፤ ልጅ ሳለች እኔ ለትምህርት ቤት እንደማስተካክልላት።

ሰኞ፣ ነሐሴ ፲፪

ወደ ቤት አምጥተናታል፤ ክፍሏ ጨለማ ነው። ትናንት ምግቧን ሳስገባላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረች፤ «ዩ ቱክ ኢት ፍሮም ሚ።» ገብቶኛል። ወስጄባታለሁ።

ሬይ በስልክ ደወለ። «ዓይኗን አይቼው ነበር እኮ፣ ፓፓ» አለኝ። እኔም፣ ዓይኗ ደህና ነበር፤ ያልነበረችው እርሷ ናት አልሁት። ነገ ምስር ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ። ማብሰል የሚችል አይመስለኝም።

ዛሬ ወደ ሐይቁ አልሄድሁም። ወንበሬን ከበሯ ውጭ አድርጌ ተቀመጥሁ። ማንበብ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ጧቱ ሁሉ ጸጥ ብሎ ሄደ።

ቀትር ላይ ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ። በመጀመሪያ ስልክ የምታነጋግር መሰለኝ። ከዚያ ጆሮዬ ለየው። ቀስ እያለች ነበር፤ ሩጫ በሌለበት፣ እንደ ሕፃን እያንዳንዱን እያነሣች። ሀ። ለ። ሐ። መ። ተራ በተራ ሄደች። «ሠ» ላይ ቆየች፤ አለፈችው። ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ቀ። እኔ የወንበሩን ጠርዝ ይዤ አብሬአት በልቤ እሄዳለሁ። «በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ» አለች፤ ቆመች።

ረቡዕ ዕለት፣ ሐይቁ ዳር፣ ከዚህ አልፋ ነበር። ያለ ማንም እርዳታ እስከ «ነ» ሄዳ ነበር። የደከማት ይሁን፣ ወይስ ያ ማጭድ ወስዶት እንደሆነ አላወቅሁም። ሐኪሙ፣ አንዳንዱ ነገር ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ አንዳንዱም አይመለስም ብሎኛል። ጠበቅሁ። የኔታ ቢሆኑ ኖሮ በኩርኩም ይነግሯት ነበር።

«አባባ?»

ከትናንት ወዲህ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«አለሁ።»

«እዚያ ነህ?»

«እዚህ በሩ ላይ ነኝ።»

«ከ‹በ› ቀጥሎ ማነው?»

«ተ» አልሁ።

«ተ ቱ ቲ» አለች፤ ተነፈሰች፤ «ታ ቴ ት ቶ።»

በሁለት ትንፋሽ ነው። ይሁን።